«ቋንቋው ይታረም»

(ተነጋጋሪዎቹ በምናብ የተቀረጹ ናቸው። አንዷ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የአካዳሚክ ጽሕፈት የምታስተምር የእንግሊዝኛ መምህርት ናት። ሌላው በጣና ሐይቅ ዓሣ አስጋሪዎች ኑሮ ላይ የዶክትሬት ጥናቱን የሚሠራ፣ ራሱም የዩኒቨርሲቲ መምህር የሆነ ተማሪ ነው።)

ተማሪው፦ ዶክተር፣ ከጆርናሉ መልስ መጣ። ሁለተኛው ገምጋሚ የጻፈው ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ እንግሊዝኛው ደካማ ስለሆነ አፉን በቋንቋው የፈታ ሰው ያርመው ይላል። አማካሪዬም ሦስተኛውን ምዕራፍ ሲመልሱልኝ ኅዳጉ ላይ «ቋንቋው ይታረም» ብለው ነበር የጻፉት። እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምሬ ተምሬያለሁ። ከዘጠነኛ ክፍል ወዲህ ሒሳቡንም ታሪኩንም የተማርኩት በእንግሊዝኛ ነው። አሁን ደግሞ ራሴ በእንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ታዲያ ምን ቀረኝ?

መምህርቷ፦ የላክህልኝን ትናንት ማታ አንብቤ ጨረስኩ። ስለ ቋንቋው ከመነጋገራችን በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ። ወረቀቱን ሳታይ፣ በአማርኛ፣ ምን አገኘህ?

ተማሪው፦ የእምቦጭ አረም አስጋሪውን ጎዳ ሲባል ሁሉንም እኩል የጎዳ ይመስላል። ያነጋገርኳቸው አስጋሪዎች የነገሩኝ ግን ሌላ ነው። የሞተር ጀልባ ያለው ሰው አረሙ ዳርቻውን ሲዘጋበት ወደ ጥልቁ ይሄዳል፣ ወይም ወደ ሌላ ወደብ ይዞራል። በደንገል ታንኳ የሚያሰግረው ግን ከዳርቻው መራቅ አይችልም። አረሙ ሲመጣ በመካከላቸው የነበረው የኑሮ ልዩነት ሰፋ። ዋናው ነገር ይሄ ነው።

መምህርቷ፦ በጣም ጥሩ ነገር ነው። ይህን ሐሳብ በጽሑፍህ ውስጥ የት እንዳገኘሁት ታውቃለህ? በውይይቱ ክፍል ማለቂያ፣ በአንድ አንቀጽ መካከል። መግቢያህ የሚጀምረው በዓለም የአየር ንብረት ለውጥ ነው። ከዚያ የአፍሪካ ወራሪ አረሞች ይመጣሉ፤ ቪክቶሪያ ሐይቅ ይመጣል፤ ከዚያ ኢትዮጵያ፣ ከዚያ ክልሉ፣ ከዚያ ጣና። ሦስት ገጽ ሙሉ ካነበብኩ በኋላ አንተ ስለምን እንደምትከራከር አላወቅሁም። ገምጋሚውም ሳያውቅ ነው የሄደው። አንባቢ መንገዱ ሲጠፋበት ጥፋቱን መጀመሪያ የሚያይበት ቦታ ሰዋስው ነው፤ እሱ በቀላሉ ይታያላ።

ተማሪው፦ ሰዋስዉስ ችግር የለበትም ማለት ነው?

መምህርቷ፦ አለበት። በአማርኛ «ሄዶ፣ ጠይቆ፣ መዝግቦ፣ አወዳድሮ» እያልን በቦዝ አንቀጽ ስንቀጥል ነገሩ ሁሉ በመጨረሻው ማሰሪያ አንቀጽ ላይ ያርፋል፤ ረጅም ቢሆንም አይሰለችም። ያንኑ ሰንሰለት እንግሊዝኛ ላይ ስትዘረጋው አምስት መስመር የሞላ፣ ማን ምን እንዳደረገ የማይለይ ዓረፍተ ነገር ይወጣል። እሱን ቆርጦ ሦስት ማድረግ ይለመዳል። ‹ዘ› የት ይገባል፣ የት ይቀራል የሚለው ደግሞ አንዳንዴ ዕድሜ ልክ አብሮ ይኖራል፤ እኔም እስከ ዛሬ ቆም ብዬ የማስብባቸው ቦታዎች አሉ። ግን በ‹ዘ› መጉደል የወደቀ ክርክር አላየሁም።

ተማሪው፦ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከሰፊው ወደ ጠባቡ እንድንጽፍ የተማርነው እኮ ከዩኒቨርሲቲው ነው። የፕሮፖዛል ቅጹም የጥናቱን ዳራ ከዓለም ጀምራችሁ አምጡ ነው የሚለው። ከእኔ በፊት የተመረቁት ሁሉ የጻፉት እንደዚያ ነው።

መምህርቷ፦ ልክ ነህ፤ የተማርከውን ነው የጻፍከው። ጆን ስዌልስ የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ካርቱም ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር። ተማሪዎቹ ልክ እንደ እኛ ሳይንሱን በራሳቸው ባልሆነ ቋንቋ የሚማሩ ነበሩ። ኋላ ላይ 48 የጥናት ጽሑፍ መግቢያዎችን ሰብስቦ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ምን ሥራ እየሠራ እንደሆነ መረመረ። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1981 አወጣ፤ በ1990 ባሳተመው መጽሐፍ ደግሞ አጠራው። ያየው ነገር ይህ ነው፦ ጸሐፊው መስኩን ያሳያል፤ በመስኩ ውስጥ ያልታየውን ወይም በተሳሳተ መንገድ የታየውን ቦታ ይጠቁማል፤ ከዚያም እዚያ ቦታ ላይ ራሱ ይቆማል። አንተ የመጀመሪያውን ሦስት ገጽ ሰጠኸው። ሁለተኛውን «በጣና ላይ የተሠሩ ጥናቶች ጥቂት ናቸው» ብለህ በአንድ መስመር አለፍከው። ሦስተኛው የለም። ደግሞስ የጥናት ቁጥር ማነሱ ብቻውን ክፍተት ይሆናል እንዴ? ክፍተቱ ሰዎች አረሙ ዓሣውን ምን አደረገው ብለው ሲጠይቁ ማን አምልጦ ማን እንደቀረ አለመጠየቃቸው ነው። ይህን በሁለተኛው አንቀጽ ላይ ብታስቀምጠው ጽሑፉ ሁሉ ሌላ ይሆናል።

ተማሪው፦ ምናልባት ባህላችን ይሆናል። ሮበርት ካፕላን እ.ኤ.አ. በ1966 ባወጣው ጽሑፍ ላይ አይቻለሁ፤ የእንግሊዝኛ ጸሐፊን አስተሳሰብ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር፣ የሴማዊ ቋንቋ ተናጋሪውን ደግሞ ወዲያ ወዲህ በሚሄድ መስመር ሥሎታል። እኛም በሰምና ወርቅ ያደግን፣ ነገርን ዙሪያ ጥምጥም ማለት የለመድን ሰዎች ነን።

መምህርቷ፦ ይህን ስሰማ ያመኛል። ካፕላን ያየው የውጭ አገር ተማሪዎች አሜሪካ ውስጥ በእንግሊዝኛ የጻፉትን ነው፤ በገዛ ቋንቋቸው እንዴት እንደሚጽፉ አልመረመረም። በኋላ ራሱም አለዝቦታል። ማንኛውንም የቀበሌ ደብዳቤ አንሣ። ከቀኑና ከተቀባዩ ቀጥሎ ምን ይመጣል? «ጉዳዩ፦» ነው የሚለው። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ያንን ያስረዳል። የድሮው የበላ ልበልሃ ሙግትስ? ተሟጋቹ የሚለውን በአደባባይ ተናግሮ፣ በምን እንደሚያስረዳ ገልጾ፣ የተቃዋሚውን ጥያቄ ቆሞ ይመልሳል። ከዚህ በላይ ቀጥ ያለ ክርክር የት አለ? ሰምና ወርቅም ቢሆን የቅኔ ጥበብ ነው እንጂ የውል፣ የኑዛዜ፣ የአቤቱታ ቋንቋ ሆኖ አያውቅም። ነገርን በቀጥታ መናገር እንችላለን። ጥያቄው ለምን በጥናት ጽሑፍ ላይ አንናገረውም የሚል ነው።

ተማሪው፦ እውነቱን ልንገርዎት? ፈርቼ ነው። አንዱን የሆላንድ ተመራማሪ፣ አንዱን የእኛን ትልቅ ፕሮፌሰር «ይህን አላያችሁም» ማለት ይከብዳል። ከመከራከር ይልቅ መጥቀስ ይቀለኛል። አንቀጹ ሙሉ «እገሌ እንዳለው፣ እገሊት እንዳለችው» ይሆናል። ሳነበው የእኔ ድምፅ የለበትም፤ ግን ማንም አይቆጣኝም።

መምህርቷ፦ ይሄው፣ ደረስንበት። ሰው እስከ 12ኛ ክፍል ምርጫ እያጠቆረ ያድጋል። የመልቀቂያው የእንግሊዝኛ ፈተና ራሱ ተማሪው አንድ አንቀጽ እንኳ እንዲጽፍ አይጠይቀውም፤ ከአራቱ አንዱን ምረጥ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ክፍሉ በሰው ይሞላል፤ አሳይመንቱ በቡድን ይሠራል፤ ከቡድኑ አንዱ ይጽፋል፣ የቀሩት ስማቸውን ያሰፍራሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን ረጅም ነገር የሚጽፈው ለማስተርስ መመረቂያ ነው። ከዚያ ዶክትሬት ገብቶ 200 ገጽ ጻፍ ይባላል። የጻፈውን የሚያነብለት ሰው በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ያገኛል። ከዚህ በኋላ እንግሊዝኛው ደካማ ነው ስንል እንግሊዝኛውን ብቻ መክሰስ ይቻላል?

ተማሪው፦ ታላቅ ወንድሜ ጎጃም ውስጥ የቅኔ ተማሪ ነበር። በየቀኑ ቅኔ ይቆጥራል። ማታ የኔታ ፊት ቀርቦ ያሰማል፣ የኔታም ያርሙታል። የሌላ ሰው ቅኔ ይዞ መቅረብ ትልቅ ነውር ነው። በማግሥቱ ሌላ።

መምህርቷ፦ እሱን አንሣልኝ! ግዕዝ ለወንድምህ የአፍ መፍቻ ቋንቋው አልነበረም። በዚህ ዘመን የማንም የአፍ መፍቻ አይደለም። ግን በዚያ ቋንቋ አዲስ ነገር፣ የራሱን ነገር፣ በየዕለቱ እንዲፈጥር ይጠበቅበታል፤ በየዕለቱም ይታረማል። አጭር ሥራ፣ ቶሎ የሚመጣ እርማት፣ ከጓደኞች ጋር ተቀምጦ። ጀማሪው ገና ግሱን ሳይጨርስ መቁጠር ይጀምራል፤ መጀመሪያ ቋንቋውን ጨርስና ከዚያ ትፈጥራለህ አይባልም። ዩኒቨርሲቲዎቻችን በብዙ መቶ ዓመት የተፈተነውን ይህን አሠራር ከጎናቸው አስቀምጠው፣ ተማሪውን ሁለት ዓመት ብቻውን ዘግተው 200 ገጽ ይጠብቃሉ። ከዚያ ኅዳጉ ላይ ሁለት ቃል ይጽፉበታል። ይህን የምለው ስለ ሥራ ባልደረቦቼም ነው። ብዙ ተማሪ የያዘ አማካሪ ሐሳቡን ለመሞገት ጊዜ ሲያጣ «ቋንቋው ይታረም» ማለት ይቀናዋል። ተማሪው ደግሞ ያንን ሰምቶ ገንዘቡን ይዞ ወደ ኤዲተር ይሮጣል። ኤዲተሩ ሰረዙን ያስተካክላል፤ ሐሳቡ እንደተደበቀ ይቀራል።

ተማሪው፦ ዶክተር፣ አሁን ግን አልስማማም። ሁሉንም ወደ ሐሳብ ሲያመጡት ቋንቋው ራሱ የሚያስከፍለው ዋጋ ይጠፋል። አንድ ጽሑፍ ለማንበብ እኔ ሙሉ ቀን ሲፈጅብኝ እንግሊዛዊው ተማሪ ከምሳ በፊት ጨርሶ ይነሣል። ይህ የእኔ ድክመት አይደለም።

መምህርቷ፦ ልክ ብለሃል፤ ይህንን አልክድም። እ.ኤ.አ. በ2023 በፕሎስ ባዮሎጂ ጆርናል የወጣ ጥናት አለ። ከስምንት አገሮች 908 የአካባቢ ሳይንስ ተመራማሪዎችን ጠይቀዋል፤ ከአፍሪካ ናይጄሪያ ነበረችበት። ሥራቸውን ገና የጀመሩ፣ እንግሊዝኛ በስፋት ከማይነገርባቸው አገሮች የመጡ ሰዎች አንድ ጽሑፍ ለማንበብ አፋቸውን በቋንቋው ከፈቱት እስከ 91 በመቶ የሚደርስ ተጨማሪ ጊዜ እንደሚወስድባቸው ተናግረዋል። ጽሑፋቸው በቋንቋ ምክንያት ውድቅ የሚሆንባቸው ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል በብዛት ነው። እንግሊዝኛህን አሻሽል የሚባሉት ደግሞ 12 ተኩል እጥፍ። ስለዚህ ሸክሙ አለ፤ ፍትሐዊም አይደለም። ጆርናሎች ሳይንሱን ከቋንቋው ለይተው ይመዝኑ የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ መጠየቅም አለብን። የኔ ፍራቻ ሌላ ነው። ይህን በደል ይዘን፣ ልንማረው የምንችለውን ክርክር መገንባትን ሳንማር እንዳንቀር ነው።

ተማሪው፦ ጓደኞቼ ግን መፍትሔውን አግኝተዋል። ረቂቁን ለቻትጂፒቲ ይሰጡታል፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ እንደ ፈረንጅ ጽሑፍ ሆኖ ይመለሳል። ከዚያ በፊት ደግሞ ከሌላ ጽሑፍ ዓረፍተ ነገር ወስዶ ቃላቱን በአቻ ቃል መተካት ነበር።

መምህርቷ፦ ቃል እየተኩ መጻፉን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ርብቃ ሙር ሃዋርድ የምትባል አሜሪካዊት ምሁር መርምራዋለች። ሁልጊዜ ስርቆት አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ያልገባውን ጽሑፍ ለመረዳት የሚታገል ጀማሪ የሚያልፍበት ደረጃ ነው ብላ ተከራክራለች። እኔም አምንበታለሁ። መውጫው ጽሑፉን ዘግቶ፣ ጉዳዩን ለማያውቅ ሰው በአማርኛ አስረድቶ፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ መጻፍ ነው። ማስረዳት ካቃተህ ገና አልገባህም ማለት ነው፤ ተመልሰህ ታነባለህ።

ማሽኑ ግን ሌላ ነገር ነው። የአንተን አራተኛ ምዕራፍ ውሰድ። «እምቦጭ የዓሣውን ምርት መቀነሱ ተረጋግጧል» ብለሃል። አረሙ ጣና ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ላቤዮባርበስ የሚባሉት የጣና ብርቅዬ ዓሦች ግን ከዚያ በፊት፣ በ1990ዎቹ ውስጥ፣ በእጅጉ መመናመናቸው ተመዝግቧል። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ገብቷል፤ ዓሦቹ ለመራባት ወደ ወንዞች አፍ ሲሰበሰቡ ይጠመዱ ነበር። ስለዚህ ያንተ መረጃ «ተረጋግጧል» ለማለት አያበቃህም። «አባብሶት ሊሆን ይችላል» ለማለት ያበቃሃል። ልዩነቱ የጨዋነት አይደለም፤ የእውነት ነው። «ተረጋግጧል» ያልከውን ሰጥተህ አሳምርልኝ ስትለው ማሽኑ የበለጠ ያማረ «ተረጋግጧል» ይሰጥሃል። ስለ ወንዞቹ አፍ አይጠይቅህም። አማካሪህም ከወዲያ ለስላሳ እንግሊዝኛ ሲያዩ ቀይ እስክሪብቷቸውን ያስቀምጣሉ። ጉድለቱ ሳይነካ አልፎ ዲፌንስ ላይ ይጠብቅሃል።

ተማሪው፦ እንግዲህ «ሊሆን ይችላል» ማለትን ደካማነት አድርጌ ነበር የማየው። ዶክትሬት የሚጽፍ ሰው እርግጠኛ መሆን አለበት ብዬ።

መምህርቷ፦ በአማርኛ ስታወራ «ሳይሆን አይቀርም»፣ «ይመስላል»፣ «እንደሰማሁት» ትላለህ፤ እያንዳንዱን የት እንደምትጠቀም ማንም አላስተማረህም፣ አትሳሳትም። በእንግሊዝኛም ያው ነው። ስለ ታንኳና ስለ ጀልባ ልዩነት ግን መሸሽ የለብህም። የራስህ መረጃ ነው፤ እዚያ ላይ ጠንከር በል። አሁን ያደረግኸው ግልብጡን ነው፦ በሰው ነገር ደፍረህ፣ በራስህ ነገር ፈርተሃል።

ተማሪው፦ ማሽኑን ጨርሶ አልንካው ማለት ነው?

መምህርቷ፦ አላልኩም። ሐሳቡ ከቆመ በኋላ ሰዋስው ለማየት ተጠቀምበት፤ መጠቀምህንም ተናገር። ግን ተጠንቀቅ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ አንድ ጥናት ማሽን የጻፈውን እንለያለን የሚሉ ሰባት መሣሪያዎችን ፈትሾ ነበር። ሰዎች ራሳቸው ለቶፍል የእንግሊዝኛ ፈተና የጻፏቸውን 91 ድርሰቶች አስገቡባቸው፤ በአማካይ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ማሽን ጻፋቸው ተባሉ። ቃላቱ ቀለል ያሉ፣ አገነባቡ ተገማች ስለሆነ ነው። ራሱ የጻፈው ሰው በማሽን ይከሰሳል። ረቂቆችህን ከነቀናቸው አስቀምጣቸው።

ተማሪው፦ አንድ ጥያቄ ይቀረኛል። ጥናቱን የሠራሁት ስለ አስጋሪዎች ነው። ከእነሱ አንዱም አያነበውም። በሥነ ጽሑፍና በፎክሎር ዘርፍ በአማርኛ የሚጻፉ የዶክትሬት ጥናቶች አሉ። የእኛ ለምን አይሆንም?

መምህርቷ፦ መሆን አለበት ብዬ የማስብባቸው ቀኖች አሉ። ግን የጣና ነገር ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር የሚያጠናውን ኬንያዊም ይመለከተዋል፤ እሱ የሚያገኝህ በእንግሊዝኛ ነው። ሁለቱንም ማጣት የለብንም። ለአስጋሪዎቹ ማኅበር የሚነበብ ሁለት ገጽ በአማርኛ ጻፍ። ሁሉም ሲያልቅ የሚሠራ ምጽዋት አድርገህ አትየው፤ አሁን ጻፈው፣ ከእንግሊዝኛው በፊት። እነሱ ፊት ቆመህ ስታነበው ሦስት ገጽ ስለ ዓለም አየር ንብረት ማውራት አትችልም። «ታዲያ ምን አገኘህ?» ይሉሃል። «ተረጋግጧል» ብትል ደግሞ ከመካከላቸው አንዱ ሽማግሌ ተነሥቶ ዓሣው ማነስ የጀመረው አረሙ ሳይመጣ ነው ይልሃል።

ተማሪው፦ አንዱ ብለውኛል እኮ። ቃለ መጠይቁ ላይ ተቀድቷል። አልተጠቀምኩበትም።

መምህርቷ፦ ለምን?

ተማሪው፦ ከመላ ምቴ ጋር አልሄደልኝም።

መምህርቷ፦ እሱን አራተኛው ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ አስገባው። ከዓሣ ጥናቶቹ ጋር አንድ ላይ ይቆማል፤ ክርክርህን አያፈርሰውም። ዓሣው ቀድሞ ተመናምኖ ነበር፣ አረሙ ሲመጣ ደግሞ የቀረችውን ለማግኘት መራቅ የሚችልና የማይችል ተለየ፤ ይህ እኮ ካልከው የበለጠ ጠንካራ ነው።

ተማሪው፦ ይህን ሁሉ ብቻዬን እንዴት እዘልቀዋለሁ? አማካሪዬን የማገኛቸው በመንፈቅ አንዴ ነው።

መምህርቷ፦ ብቻህን አትዘልቀውም። ትምህርት ክፍሎቹ ለዶክትሬት ተማሪ በየሳምንቱ ጽሑፉ የሚነበብበት ሰዓት መመደብ፣ ያንንም ለመምህሩ እንደ ማስተማር ሰዓት መቁጠር አለባቸው። ጥያቄውን ለዲኑ በጽሑፍ አቅርቤያለሁ። መልሱ እስኪመጣ ግን ሐሙስ ከሰዓት እኔ ቢሮ እንሰበሰባለን። አንዷ የወባ ጥናት የምትሠራ ናት፣ አንዱ ከሕግ ነው፣ አንዱ አፈር ነው የሚያጠናው። አንተን የማያውቁ፣ ጣናን በአንተ ዓይን ያላዩ አንባቢዎች ናቸው፤ ለዚህ ይሻላሉ። እያንዳንዱ አንድ ገጽ ብቻ ይዞ ይመጣል፣ ይነበባል፣ ሌሎቹ «ምን እያልክ ነው?» ብለው ይጠይቁታል። ሰዋስው በዚያ ሰዓት አናነሣም።

ተማሪው፦ ለዚህ ሐሙስ ልድረስ? ያለኝ ገጽ ገና ጥሬ ነው።

መምህርቷ፦ ኤዲተርም ማሽንም ሳይነካው ይዘኸው ና።